የልጄ ሲቪ እና የእኔ መዝገብ ቤት

ባለፈው ክረምት ቤታችን ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር በቀን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይነገር ነበር። ተናጋሪው እኔ ነኝ። «ልጄ፣ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ አፍጥጦ በመዋል ሥራ አይገኝም!» እላለሁ። ልጄ ቀና ብላ ታየኛለች፤ ምንም ሳትመልስ ተመልሳ ታቀረቅራለች። እናቷ ከጓዳ ሆና «ተዋት እስቲ» ትላለች። እኔ ግን መተው አልቻልኩም።

ትንሿ ልጄ በአካውንቲንግ የተመረቀችው ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የመጣውን የመውጫ ፈተና በመጀመሪያው ሙከራ አልፋለች። በግ አርደን፣ ዘመድ ጠርተን መርቀናታል። ጥቁር ጋውን ለብሳ የተነሳችው ፎቶ ሳሎናችን ውስጥ ተሰቅሏል። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ዓመት አለፈ። ለቅሶ ቤት ስሄድ፣ እድር ስብሰባ ስቀመጥ፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሰው ሳገኝ የሚቀርብልኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ልጅቷ ሥራ ያዘች?» የዚህን ጥያቄ ክብደት የቤተሰብ ኃላፊ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ።

እኔ ሥራ የያዝኩት በ1984 ዓ.ም. ነው። ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ፤ በፉልስካፕ ወረቀት ማመልከቻ በእጄ ጻፍኩ፤ ቴምብር ለጠፍኩ፤ በእግሬ ሄጄ አስገባሁ። ከዚያ 31 ዓመት ሙሉ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሠርቼ በ60 ዓመቴ ጡረታ ወጣሁ። ስለዚህ ሥራ ፍለጋ ሲባል በዓይነ ህሊናዬ የሚመጣው ጫማ የሚያስጨርስ መንከራተት ነው፤ አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይተው ክፍት የሥራ ቦታ የሚገለብጡ፣ ፖስታ ብብታቸው ሥር ሸጉጠው በፀሐይ የሚሄዱ ወጣቶች። ሶፋ ላይ ተቀምጦ ሥራ ይፈለጋል ቢሉኝ አላምንም ነበር።

አንድ ሌሊት ስምንት ሰዓት ገደማ ውኃ ልጠጣ ተነሳሁ። ሳሎን ውስጥ የስልክ ብርሃን አየሁ። ልጄ ጋቢ ተከናንባ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣለች። «አሁንም?» አልኳት፤ ድምፄ ሳላስበው ከፍ አለ። ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ መለሰችልኝ። ስልኩን ወደ እኔ አዞረችና «አባዬ፣ ቁጠር» አለችኝ።

የተላኩ ኢሜይሎች ናቸው። ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። 87 ናቸው። ባንክ፣ አስመጪ፣ ሆቴል፣ ፋብሪካ፣ የግል ትምህርት ቤት፣ የእርዳታ ድርጅት። መልስ የሰጡት ሁለት ብቻ ሲሆኑ ሁለቱም «ማመልከቻዎ ደርሶናል» የሚሉ፣ ማሽን ራሱ የሚልካቸው ናቸው። «ሌሊት የምልከው ኢንተርኔቱ ስለሚፈጥን ነው፤ የሌሊት ፓኬጅም ርካሽ ነው» አለችኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስንት ጊዜ ነው «ስልክ ላይ ተጥደሽ» ያልኳት?

ጥፋቴን ልክስ ብዬ የሠራሁት ሥራ ደግሞ ከመጀመሪያው የባሰ ሆነ። እዚህ ላይ በተለይ እንደ እኔ ቴሌግራም ዘግይታችሁ የለመዳችሁ አባቶችና አያቶች ጠጋ ብላችሁ ስሙኝ።

ልጄ ሳታውቅ ላግዛት አሰብኩ። ሲቪዋን፣ የዲግሪዋን ኮፒ፣ ስቱደንት ኮፒዋን፣ የመታወቂያዋን ፎቶ፣ አንድ ላይ የዘመድ አዝማድ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ለቀቅኩት። «ልጄ ናት፤ ሥራ የምታውቁ ተባበሩን፤ ለምታውቁት ሁሉ አስተላልፉ» ብዬ ጻፍኩ። ዘመድ ደግ ነው፤ አስተላለፈ። ያም ለሌላው አስተላለፈ። በአራተኛው ቀን አንድ ሰው በእኔ ስልክ ደወለ። ድምፁ ረጋ ያለ ነው። የልጄን ሙሉ ስም ከነአያቷ፣ የተመረቀችበትን ዓመት፣ ውጤቷን ሳይቀር ጠራልኝ። ሁላችንም የምናውቀውን አንድ ትልቅ ድርጅት ጠቅሶ «ከሰው ኃይል ክፍል ነው፤ ልጅዎ ተመርጣለች። ለሥልጠና ማኑዋልና ለመግቢያ ባጅ 3,200 ብር ዛሬ ካልገባ ግን ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል» አለኝ።

ላክሁ። መላኩን ለማንም አልነገርኩም፤ ማታ ላስደንቃቸው ነበር ሐሳቤ። ከሰዓት በኋላ ስደውል ስልኩ ዝግ ነው። ማታም ዝግ ነው። በማግስቱ ድርጅቱ በር ድረስ ሄድኩ። ጥበቃው ጉዳዬን ሰምቶ ሳይጨርስ ራሱን ነቀነቀ፤ «አባቴ፣ በዚህ ሳምንት እርስዎ ሦስተኛው ነዎት» አለኝ።

ለባለቤቴ ስነግራት ልጄ ሰማች። ለገንዘቡ የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። «አባዬ፣ ገንዘቡ ይመጣል» አለች፤ «የትምህርት ማስረጃዬና መታወቂያዬ አሁን ማን እጅ ላይ እንዳለ ግን አንተም አታውቅም፤ እኔም አላውቅም።» መልስ አልነበረኝም። በመዝገብ ቤት ሕይወቴ የአንድ ሠራተኛ የግል ማኅደር ያለ ፈቃድ ከመደርደሪያ ወርዶ አያውቅም። የገዛ ልጄን ማኅደር ግን አደባባይ ላይ በትኜዋለሁ።

ነገሩን ካጣራሁ በኋላ ያወቅኩትን እዚሁ ላስቀምጥ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንደሚለው የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ማለት ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ ሳይቀበል የሚያገናኝ ነው። ስለዚህ ለፎርም፣ ለማኑዋል፣ ለባጅ፣ ለዩኒፎርም እያለ አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ስሙ ምንም ይሁን ምን ስልኩን ዝጉበት። ለውጭ አገር ሥራ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 923/2008 የመግቢያ ቪዛንና የደርሶ መልስ ትኬትን ወጪ በአሠሪው ላይ ነው የጣለው። «ቪዛው እጄ ላይ ነው፤ ብሩን ላኩ» የሚል መልዕክት ሲመጣ ይህን አስታውሱ። በ2017 ዓ.ም. ከማይናማር የኢንተርኔት ማጭበርበሪያ ካምፖች ከወጡት የብዙ አገር ሰዎች መካከል በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ብዙዎቹን እዚያ ያደረሳቸው ታይላንድ ጥሩ ደመወዝ ያለው የኮምፒውተር ሥራ አለ የሚል የኢንተርኔት ማስታወቂያ ነው። እኔ 3,200 ብር ነው የከፈልኩት፤ ልጅ የከፈሉ አሉ።

በዚያው ቅዳሜ ልጄና እኔ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥን። አባቴም አብረውን አሉ። 88 ዓመታቸው ነው፤ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት፤ ዓይናቸው ደክሟል እንጂ ጆሯቸው ምንም አያመልጠውም። ልጄን «ከ87ቱ አንዱን አሳዪኝ፤ የላክሽውን እንዳለ» አልኳት። ከፈተችልኝ።

የመጀመሪያው ነገር፣ ደብዳቤው ባዶ ነው። ምንም ጽሑፍ የለውም። ላይኛው መስመርም ባዶ ነው። «ይሄ መስመር ምንድን ነው?» አልኳት። «ሰብጀክት» አለችኝ። ትንሽ አሰብኩና ሳቄ መጣ። ይሄማ «ጉዳዩ» ነው! 31 ዓመት ያየሁት «ጉዳዩ፦»! ጉዳዩ ያልተጻፈበት ደብዳቤ እኛ ቢሮ ሲመጣ ለየትኛው ክፍል እንደሚመራ ስለማይታወቅ ጠረጴዛ ላይ ይከርም ነበር። «አታችመንት»ም እንግዳ ነገር አይደለም፤ «አባሪ» ነው። «ሲሲ» የምትለውም «ግልባጭ» ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ኢሜይል ለእኔ የልጆች ነገር ነበር። ለካስ የማውቀው የቢሮ ደብዳቤ ነው፤ ፖስታውን ብቻ ነው የቀየሩት።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተገላበጠ። እሷ ቁልፉን ትነካለች፤ እኔ እንደ ድሮው መነጽሬን አፍንጫዬ ላይ አድርጌ እመረምራለሁ።

አንዱ ኢሜይል ለ23 ድርጅቶች በአንድ ላይ የተላከ ሆኖ አገኘሁት። የሁሉም አድራሻ ላይ ተደርድሯል። ባንኩ የሆቴሉን ያያል፤ ሆቴሉ የፋብሪካውን። «ኢንተርኔት ለመቆጠብ ነው» አለችኝ። ልጄ፣ አንድ ማመልከቻ ለ23 መሥሪያ ቤት ግልባጭ ተደርጎ ቢመጣልኝ ኖሮ ሌሎቹ ያዩታል ብዬ እተወው ነበር አልኳት። ቀጣሪም ሰው ነው።

አባሪውን ስንከፍት 11 ፎቶዎች ናቸው። እያንዳንዱ ወረቀት በስልክ ተነስቷል። አንዱ የጠረጴዛውን ልብስ አበባ ጭምር ያሳያል፤ ሁለቱ የተጋደሙ ናቸው፤ ስቱደንት ኮፒው ላይ የጣቷ ጥላ አርፏል። ሁሉም ሲደመር 38 ሜጋባይት ይመዝናል። ጂሜይል ደግሞ ከ25 ሜጋባይት በላይ የሆነ አባሪ አያያይዝም፤ በምትኩ ፋይሉን ድራይቭ በሚባለው ማስቀመጫ ላይ ያኖርና የሚከፈትበትን ሊንክ ነው የሚልከው። ያ ሊንክ ፈቃድ ካልተሰጠበት ለተቀባዩ የተቆለፈ ሳጥን ነው። ልጄ ይህን አላወቀችም ነበር። ስፓም የሚባለውን፣ አይፈለጌ መልዕክት የሚጠራቀምበትን ቦታ ስንከፍት አንድ መልዕክት አገኘን። አንድ ድርጅት ፋይሉን ለመክፈት ፈቃድ ይስጡኝ ብሎ ጠይቋል። ቀኑን አየነው፤ አራት ወር አልፎታል።

ልጄ ስልኩን አስቀመጠች። ወደ ጓዳ ሄዳ ቆየች። እናቷ ተከትላት ገባች። እኔና አባቴ ዝም ብለን ተቀመጥን። አባቴ በመጨረሻ «ምን ሆነች?» አሉኝ። «አንድ ቤት በሩን ከፍቶላት ነበር፤ አልሰማችም» አልኳቸው። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል፤ ግን «ቀጥል አባዬ» አለችኝ።

ሲቪውን ራሱን ያሠራችው ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ካለ ኢንተርኔት ቤት ነው። ልጁ ዝግጁ ቅጽ አለው፤ ስም ይቀይራል፣ ያትማል፣ ብሩን ይቀበላል። ዓላማ በሚለው ቦታ ላይ በሚያምር እንግሊዝኛ ሦስት መስመር ተጽፏል። ልጄ ጮክ ብላ አንብባ ተረጎመችልን። ሦስተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ቆመች። በኮንስትራክሽን ዘርፍ ያላትን ዕውቀት ለማሳደግ እንደምትፈልግ ይላል! የአንድ ሲቪል መሐንዲስ ልጅ ጽሑፍ ነው፤ አልተሰረዘም። በኋላ ሦስት ጓደኞቿን ደውላ ስትጠይቅ ሁለቱ ያው መስመር እነሱም ጋ አለ።

አባቴ ይህን ሲሰሙ መሳቅ ጀመሩ። ሳቃቸው እስኪያስላቸው ድረስ። እሳቸው በወጣትነታቸው ሥራ ሲጠይቁ ማመልከቻ የጻፈላቸው ጃንጥላ ሥር የተቀመጠ ማመልከቻ ጸሐፊ ነው። ጸሐፊው የባለሥልጣኑ ልብ እንዲራራ ብሎ ስድስት ልጆች በረሃብ እያለቀሱበት መሆኑን ጻፈ። አባቴ ያኔ ሚስትም አላገቡም። «ሹሙ ጠርቶ ልጆችህ ደህና ናቸው ወይ ሲለኝ፣ የትኞቹ ልጆች አልኩት» አሉን። ሥራውን አላገኙም።

ቀኖቹ ላይ ስንደርስ ደግሞ እኔ ራሴ ደነገጥኩ። የልደት ዘመኗ 1994፣ የምረቃ ዓመቷ 2016 ተብሎ ተጽፏል። ለእኛ ልክ ነው። ሲቪው ግን በእንግሊዝኛ ነው፤ «ዓ.ም.» የሚልም ሆነ የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን የሚናገር ነገር የለበትም። በፈረንጆቹ 2025 የሚያነበው ሰው የ31 ዓመት ሴት፣ ከተመረቀች ዘጠኝ ዓመት የሆናት፣ አንድም ቀን ሠርታ የማታውቅ ይታየዋል። የ23 ዓመቷን ልጄን በሁለት ቁጥር ስምንት ዓመት አስረጀናት። አዲሱ ላይ ሁሉንም ወደ ፈረንጅ ዘመን መለስን፤ ምረቃ ጁላይ 2024 ሆነ። የልደት ቀኗን ቀጣሪው ካልጠየቀ አናስገባም አልን። የፋይዳ ቁጥሯን፣ የመታወቂያዋን ኮፒ፣ የቤት ቁጥራችንንም አወጣን። እነዚህ ለተቀጠረ ሰው ማኅደር የሚሆኑ ናቸው፤ ላልተጠራ ሰው ምን ያደርጋሉ? አገራችንም ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ አላት፤ ቁጥሩ 1321 ነው። እኔ ግን ያንን ከማወቄ በፊት ነው ያጠፋሁት።

ስም ላይ ረጅም ክርክር ተነሳ። ድረ ገጾቹ «የመጀመሪያ ስም» እና «የመጨረሻ ስም» ብለው ሁለት ሳጥን ያቀርባሉ። ልጄ አንዱ ቦታ ላይ የእኔን ስም፣ ሌላው ቦታ ላይ የአባቴን ስም እንደ መጨረሻ አስገብታለች። የስሟ አጻጻፍም በእንግሊዝኛ ፊደል ሦስት ዓይነት ነው። በ«ፀ» የሚጀምር ስም ያለው ሁሉ ያውቀዋል፤ አንዱ በ«ቲ» እና «ኤስ» ይጀምረዋል፣ ሌላው «ቲ»ን ይጥላል፣ መጨረሻውም አንዴ በ«ዋይ» አንዴ በ«አይ» ነው። የዲግሪዋ አንድ ዓይነት፣ ኢሜይሏ ሌላ ዓይነት፣ ሲቪዋ ሦስተኛ ዓይነት ነበር። ማስረጃ የሚያመሳክር ሰው የሦስት ሰው ነው ቢል አይፈረድበትም። ዲግሪዋ ላይ ባለው አጻጻፍ ሁሉንም አንድ አደረግን። ሦስቱንም ስም፣ የራሷን፣ የእኔንና የአያቷን፣ ሙሉ በሙሉ ጻፍን።

«የመጨረሻ ስም የሚሉት የማንን ነው?» አሉ አባቴ።

«የእርስዎን ነው አባባ» አለቻቸው።

«እኔ እኮ ሥራ አልጠየቅኩም» አሉ። ደስ እንዳላቸው ግን ፊታቸው ያስታውቅ ነበር።

የኢሜይል አድራሻዋ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሳለች የከፈተችው ነው፤ ምን እንደሚል እዚህ ባልጽፈው ትመርጣለች። በሙሉ ስሟ አዲስ ከፈተች። ስልኳን ከውጭም እንዲደወልበት ዜሮውን ጥላ በ251 አስጀመረችው።

የፋይሉ ስም የእኔ ተራ ነበር። የላከችው ፋይል «ኒው ሲቪ ፋይናል ፋይናል» ይላል። አስቡት፤ አንድ የሰው ኃይል ሠራተኛ በአንድ ቀን ሁለት መቶ ማመልከቻ ቢቀበል ስንቱ «ሲቪ ፋይናል» ይሆን? ኮምፒውተሩ ውስጥ አስቀምጦት ሲፈልገው በምን ያገኘዋል? ማኅደር ያለ ስምና ያለ ቁጥር መደርደሪያ ላይ ካስቀመጥከው ጣልከው ማለት ነው። ስለዚህ ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ የሥራ መደቡን፣ የማስታወቂያ ቁጥር ካለ እሱን ጨምረን ሰየምነው። ማስረጃዎቹን ደግሞ ልጄ ያንኑ ድራይቭ ተጠቅማ በስልኳ ስካን አደረገቻቸው፤ ወረቀቱን ብቻ ቆርጦ ጥላውን ያጠፋል፤ ለአንድሮይድ ስልክ በነጻ ነው። ሁሉም አንድ ፒዲኤፍ ሆኖ ከሁለት ሜጋባይት አልበለጠም። ፒዲኤፍ ማለት እንደ ታተመ ወረቀት ነው፤ በማንም ስልክ ሲከፈት መስመሩ አይዘባረቅም። ዎርድ ላይ ያለው የሚላከው ማስታወቂያው በዎርድ ላኩ ካለ ብቻ ነው። የአማርኛ ማመልከቻ የምትጽፉ ከሆነ ደግሞ ይህ በይበልጥ ያስፈልጋል፤ በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ነገር ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ጉንዳን የሄደበት ይመስላል። እኛ ቢሮ ስንት ደብዳቤ በዚህ ምክንያት ተመልሷል።

የከበደን «የሥራ ልምድ» የሚለው ክፍል ነው። ልጄ ባዶ ትታዋለች። ማስታወቂያዎቹ «ዜሮ ዓመት» ቢሉም ባዶ ቦታ ባዶ ነው። «ምንም አልሠራሁም» አለች። እናቷ ቡና እያፈላች ነበር፤ ጀበናውን ይዛ ዞረች። «የእድሩን መዝገብ የሠራው ታዲያ ማነው?» አለች።

እውነቷን ነው። የሰፈራችን እድር 214 አባላት አሉት። ገንዘብ ያዡ በደብተር ይጽፍ የነበረውን የሦስት ዓመት መዋጮ ልጄ ባለፈው ዓመት ወደ ኤክሴል አስገብታ፣ ውዝፍ ያለበትን ለይታ፣ የባንክ ደብተሩን አስታርቃ ለጠቅላላ ጉባኤ ሪፖርት አዘጋጅታለች። የ1,400 ብር ልዩነት ነበር፤ አንድ አባል ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ ኖሮ ያገኘችው እሷ ናት። ሰው ሌባ ተባብሎ ሊጣላ የነበረበት ጉዳይ ነው። ይህ ሥራ ካልሆነ ሥራ ምንድን ነው? ደመወዝ ስላልተከፈለበት ብቻ እኛ ወላጆችም እንደ ሥራ አልቆጠርነው። «በበጎ ፈቃድ» ብለን፣ ቁጥሩን ሳንጨምር ሳንቀንስ፣ ከዩኒቨርሲቲ የተግባር ልምምዷ ጎን ጻፍነው። የእድሩን ሊቀመንበር ስልካቸውን ለምስክርነት ብንሰጥ ይፈቅዱልን እንደሆነ አስቀድመን ጠየቅናቸው። ሳይጠየቁ ስማቸው የገባ ሌላ መምህር ነበሩ፤ ስንደውልላቸው ስልኩ ሌላ ሰው አነሳው። አወጣናቸው።

ሲቪው አራት ገጽ የነበረው አንድ ተኩል ገጽ ሆነ። ሃይማኖቷ፣ ቁመቷ፣ «ሆቢ፦ ሙዚቃ ማዳመጥ» የሚለው ሁሉ ወጣ። ሙዚቃ የማያዳምጥ አካውንታንት አለ እንዴ?

እኔ ደግሞ ከሱቅ ባለ መስመር ደብተር ገዛሁና የገቢና ወጪ መዝገብ ከፈትኩላት። ቀን፣ የድርጅቱ ስም፣ የሥራ መደቡ፣ ማስታወቂያው የወጣበት ቦታ፣ የላከችው ፋይል፣ የማመልከቻው ማብቂያ ቀን፣ መልስ። ኤክሴል ላይ ልሥራው አለች፤ እሺ አልኳት፤ እኔ ግን ደብተሩን አልተውኩም። በዚህ መዝገብ ምክንያት አንድ ነገር ታየን፤ በቀን አሥር ቦታ ከመላክ በሳምንት አምስት ቦታ ማስታወቂያውን አንብቦ፣ ደብዳቤውን ለዚያው ቦታ ጽፎ መላክ ይሻላል። የምትልከው ደብዳቤ አምስት መስመር ነው። የትኛውን መደብ እንደምትጠይቅ፣ ማስታወቂያውን የት እንዳየችው፣ ምን እንደተማረች፣ የእድሩን ሥራ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ስልኳን። ስፓሙንም ጠዋት ጠዋት ታያለች፤ እኔም «አየሽው?» እላለሁ። «ስልክ ላይ ተጥደሽ» የሚለው በዚህ ተተካ።

መስከረምና ጥቅምት ውስጥ 31 ቦታ አመለከተች። አራት ቦታ ተጠራች። አንዱ ቦታ የጽሑፍ ፈተናውን አልፋ ቃለ መጠይቅ ላይ ወደቀች፤ ሁለት ቀን ምግብ አልበላችም። አንዱ ቦታ ስንደርስ ማስታወቂያው ላይ ያልተጻፈ የሁለት ዋስ ጥያቄ ነበር። አንዱ ቦታ ደመወዙ ለታክሲ አይበቃም። አራተኛው አንድ መድኃኒት አስመጪ ነው። ቃለ መጠይቅ ያደረጉላት ሴትዮ ሲቪውን ገልብጠው «ይሄ የእድር ነገር ምንድን ነው? ልዩነቱን እንዴት አገኘሽው?» ብለው ሃያ ደቂቃ ስለ 214ቱ አባላት ብቻ ነው የጠየቋት።

ኅዳር ላይ ጀመረች። ሕጉ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም ይላል፤ ደብተሩ ላይ እየቆጠርኩ ነው፤ ዛሬ 41ኛ ቀኗ ነው። በዘመድ ቡድኑ ውስጥ የለቀቅኩትን የትምህርት ማስረጃ አጥፍቻለሁ፤ ያስተላለፉትንም አንድ በአንድ ደውዬ አጥፉ ብያለሁ። ስንቱ እንዳጠፋ አላውቅም። አሁንም የማላውቀው ስልክ ሲደውል ልጄ አታነሳም፤ መጀመሪያ ቁጥሩን ታየዋለች።

ትናንት ማታ ራት ላይ እያለን የጎረቤታችን ልጅ አንኳኳ። አምና በማኔጅመንት የተመረቀ ነው። «ጋሼ፣ ሲቪ ያያሉ አሉኝ» አለና ስልኩን ሰጠኝ። ፋይሉን አየሁት። «ኒው ሲቪ ፋይናል 3» ይላል። ወንበር ሳብኩለት፤ አባቴም ራታቸውን ትተው ጠጋ አሉ።